ወላድ በድባብ ትሂድ፤ ድባቡን ግን ማን ይያዝ?

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

በዓመቱ ውስጥ ከመካከላችን የተለዩትን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ዳኞቻችን ስለ እናትነት አንድ ነገር እንድናገር ሲያዝዙኝ፣ ኧረ ይህ ነገር ለወንድ አፍ ይከብዳል፣ እናቶቹ ራሳቸው ቢናገሩት ይሻላል ብዬ ነበር። እናቶቹን ብለምን ብለምን ግን፣ እኛ ወጥ ያርርብናል፣ አንተ ጡረታ ላይ ነህና ተናገር ተባልኩ። እንግዲህ የምናገረው በዕድሜዬ ቁጭ ብዬ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው። ቀረ የምትሉት ካለ ቡናው ሲቀርብ ትጨምሩበታላችሁ።

አገራችን «ወላድ በድባብ ትሂድ» ትላለች። ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ ድባብ በታቦትና በነገሥታት ራስ ላይ የሚዘረጋ ነውና። ነገር ግን ድባብ በራሱ አይቆምም። የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። የዛሬው ነገሬም ይኸው ነው። እናትነት ሰው ራሱን የሚያውቅበት፣ ነፍሱንም የሚያሳድግበት መንገድ መሆኑን በመጀመሪያ እናያለን። ቀጥሎ በዚህ መንገድ የምትሄደውን ሴት ማን ያግዛት የሚለውን እንነጋገራለን።

ገዳም ምን እንደሆነ ለሐይቅ ሰው አይነገርም። ከሐይቁ ዳር ሆነን እስጢፋኖስን እያየን አድገናል። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ መጥተው ገዳሙን የጸሎትና የትምህርት ቤት ካደረጉት ወዲህ የስንት አባቶች ማሠልጠኛ ሆኗል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ እዚሁ መጥተው በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እጅ ተምረዋል። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴት ወደ ውስጥ አትዘልቅም። ሥርዓቱ የቆየ ነው፣ እኔም በዚህ ላይ የምለው የለኝም።

ታዲያ ሰው ገዳም የሚገባው ለምንድን ነው? ሌሊት ለመትጋት፣ ሆድን ለመግዛት፣ ለመታዘዝ፣ የራስን ፈቃድ ለመተው ነው። በነዚህ በአራቱ ተፈትኖ ራሱን ያውቃል፣ ወደ ፈጣሪውም ይቀርባል። አሁን ገዳሙን እዚያው ትተን ወደየቤታችን እንመለስ።

መነኩሴውን ሌሊት የሚቀሰቅሰው ደወል ነው። እናትን የሚቀሰቅሳት የልጅ ልቅሶ ነው። ደወሉ ሰዓት አለው፤ ልጅ ግን ሰዓት የለውም። ሌሊት በ6 ሰዓት አልቅሶ ጡት ይዞ ይተኛል፣ በ8 ሰዓት ደግሞ ይነሣል፣ በ10 ሰዓት ሆዱን ይቆርጠዋል። እኛ አባቶች ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። እሷ ግን ተነሥታ በጨለማ ውስጥ ስትመላለስ ታድራለች። ይህ ትጋት ካልሆነ ትጋት ምንድን ነው?

ስለ ጾም ይነሣ ካልን፣ በየቤታችሁ የምታዩትን ልንገራችሁ። እንጀራው ሲቀርብ እናት ቆማ ታቀርባለች። አባት ይበላል፣ ልጆች ይበላሉ፣ እንግዳ ይበላል። አንቺስ ሲሏት «እኔ በልቻለሁ» ትላለች። የት በላች? መቼ በላች? ማንም አይጠይቅም። የ66ቱንም የ77ቱንም ድርቅ ያየን ሽበታሞች እዚህ አለን። ያችን አንዲት ቁራሽ ለልጇ አጉርሳ ራሷ የወደቀች እናት ታሪክ በወሎ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

ስለ መታዘዝም ቢሆን፣ መነኩሴ የሚታዘዘው ለአበምኔቱ ነው። አበምኔት ይናገራል፣ ይህን አድርግ ይላል፣ ሲደክምህም ይረዳሃል። እናት ግን የምትታዘዘው አፍ ላልፈታ ሕፃን ነው። ራበኝ አይል፣ አመመኝ አይል፤ ከልቅሶው ዓይነት ለይታ ታውቃለች። ስሟንም ትተዋለች። መነኩሴ ሲመነኩስ አዲስ ስም ይወጣለታል። እሷም ከወለደችበት ቀን ጀምሮ «የእገሌ እናት» ተብላ ትጠራለች። የገዛ ስሟን የሚያስታውሱት እናትና አባቷ ብቻ ይሆናሉ።

አራስ ቤትን ደግሞ አስቡት። በክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። እናትም እስከዚያው ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ሙስሊሞችም ዘንድ ለአራስ የሚቆጠር 40 ቀን አለ። ከሰው ተለይቶ፣ ቀን ቆጥሮ፣ አንድን ነገር ብቻ እያሰቡ መቀመጥ ሱባኤ ይባል የለም? ወላድም በዚያ ጨለም ባለ ጓዳ ውስጥ ሱባኤ ላይ ናት።

እንግዲህ ራስን ስለ ማወቅ። ካነጋገርኳቸው የጎረቤት እናቶች መካከል አንዷ ያሉኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። ከመውለዳቸው በፊት ቁጡ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። ትዕግሥተኛ መሆናቸውንም አያውቁም ነበር። ሁለቱንም ያሳያቸው ልጁ ነው። ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ከውስጣቸው የሚነሣውን ንዴት አይተው ደነገጡ። ከዚያ ንዴት በታች ደግሞ የማያልቅ ትዕግሥት መኖሩን አይተው ተገረሙ። ልብ በሉ፤ አባቶች በበረሃ ከገዛ ልባቸው ጋር የሚታገሉት ይህንኑ ትግል አይደለም ወይ? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። አንዱ ልጅ ገር፣ ሌላው አስቸጋሪ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱን እኩል ለመውደድ ስትታገል ነው እናት ፍርድንና ምሕረትን የምትማረው።

ይህን እኔ ከራሴ አላመጣሁትም። ሃይማኖቶቻችን አስቀድመው አክብረውታል። ሙስሊሞች ወገኖቻችን ገነት ከእናት እግር ሥር ናት ይላሉ። ከዚያም በላይ፣ ወደ መካ የሚሄድ ሐጃጅ ሁሉ በሰፋና በመርዋ መካከል 7 ጊዜ ይመላለሳል። የማንን እግር ተከትሎ ነው? ለሕፃኑ ለኢስማኢል ውኃ ፍለጋ በዚያ በረሃ የተሯሯጠችውን የሃጀርን እግር ተከትሎ ነው። ነጋዴ ይሁን ሹም፣ ሽማግሌ ይሁን ጎልማሳ፣ አንዲት የጨነቃት እናት የሮጠችውን ሩጫ ይደግማል። የእናት ጭንቀት ለስንት ሚሊዮን ሰው የአምልኮ መንገድ ሆነ ማለት ነው።

በክርስቲያኑም ዘንድ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ቤተ መቅደስ በገባች ጊዜ፣ አረጋዊው ስምዖን ሰይፍ በነፍስዋ እንደሚያልፍ ነገራት። ደስታውና ኀዘኑ በአንድ ቀን ተነገራት፤ ሁለቱንም ይዛ ሄደች። እዚህ ሐይቅ የተማሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ቢሆኑ አስቀድሞ የእናታቸው የእግዚእ ኀረያ ልጅ ናቸው። የገዳም ትምህርት የሚጨመረው ከእናት ጉያ በተገኘው ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌዬ ልግባ። እናትነት መውለድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያልወለደች ሴት ከዚህ በረከት በወጣች ነበር። እንዲህ አለመሆኑን ያሳየን ነገር የተፈጸመው ደግሞ በዚሁ በእኛ አገር፣ በግሸን ማርያም መንገድ ላይ ነው። የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ሆኖም ልጆቹ እንዲሰሙት ታሪኩን ከሥሩ ልናገር።

ወይዘሮ አበበች በ1928 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በሸዋ ሸበል አቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ዘመን ነው። አባታቸው በጦርነቱ ሞቱ፤ ልጅቱም ያደጉት በአያቶቻቸው ቤት ነው። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ግድም ሲሆን ለማያውቁት ትልቅ ሰው ተዳሩ። ከዚያ ቤት አምልጠው አዲስ አበባ ገቡ፣ ተማሩ፣ ቡናና እህል ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ። አገቡ፣ ቤት ሠሩ፣ ኑሮ ተደላደለላቸው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980፣ ይህም በእኛ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማለት ነው፣ ለግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወደ አምባሰል መጡ። በዚያ ወቅት አካባቢውን ድርቅና ረሃብ መትቶት ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ የወደቀው ሰው ብዛት መራመጃ አሳጥቷቸዋል። የያዙት ጥቂት ዳቦና ጸበል ነበር፤ እሱን አከፋፈሉ። ከዚያ አንዲት የተኛች የምትመስል ሴት አዩ። ሕፃኗ ጡቷን ትጠባለች። ቀረብ ብለው ሲያዩ እናትየዋ ሞታለች። አጠገቡ ሬሳ የሚሰበስብ ሰው ቆሞ ነበር፤ ሕፃኗም እስክትሞት እየጠበቀ ነው። ወይዘሮ አበበች ሕፃኗን አንሥተው በጨርቅ ጠቀለሉና ይዘዋት ሄዱ። ሌላም ልጅ ጨመሩ፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለ አባት ልጄን አድኝልኝ ብሎ የለመናቸው ነው።

ለበረከት ወጥተው በረከቱን ከመንገድ ዳር አንሥተው ተመለሱ እላለሁ እኔ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባለቤታቸው በመጀመሪያ ቢደግፏቸውም፣ በኋላ ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ አሏቸው። ወይዘሮ አበበች ልጆቹን መረጡ። የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር በደሳሳ ጎጆ ገቡ። ጌጣቸውን ሸጡ፤ እንጀራ እየጋገሩ፣ ጠጅ እየጣሉ፣ እየሸጡ አሳደጓቸው። ከብዙ ምልልስ በኋላ በፈረንጅ በ1986 ድርጅታቸው በሕግ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ በስማቸው እየተጠራ ብዙ ሺህ ሕፃናትን አሳደገ። እሳቸው ግን ደመወዝ ሳይቀበሉ፣ ከልጆቹ ማደሪያ ጎን ባለች ክፍል እያደሩ ኖሩ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ በሽታ፣ በ85 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ከሆዳቸው የወጣ ልጅ አልነበራቸውም። እማዬ እያለ የቀበራቸው ግን እጅግ ብዙ ነው።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ይታየኛል። ወይዘሮ አበበች ራሳቸው አባት ሳያውቁ ያደጉ፣ በልጅነታቸው የተዳሩ ልጅ ነበሩ። በዚያች የሞተች እናቷን በምትጠባ ሕፃን ውስጥ ራሳቸውን ሳያዩ አልቀሩም። 45 ዓመት ያህል ኖረው ያላወቁትን ማንነታቸውን በአንድ ቀን መንገድ ላይ አገኙት። ያን ዕለት ሕፃኗን አልፈው ቢሄዱ ኖሮ ግሸንን የተሳለሙ ደኅና ሴት ሆነው ይመለሱ ነበር፤ ማን እንደሆኑ ግን ሳያውቁ በቀሩ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ምስጋና ነው። አሁን ግን አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

እናትነት ጽድቅ ነው እያልን ሸክሙን ሁሉ በእሷ ላይ የምንጭን ከሆነ ምስጋናችን ማታለያ ይሆናል። መነኩሴ ብቻውን አይደለም። ውኃ የሚቀዳው በተራ ነው፤ እንጀራ የሚጋግረው ሌላ፣ ድውዩን የሚያስታምመው ሌላ ነው። ገዳም ያለ ማኅበር አይቆምም። እናትስ? ትጋቱም፣ ጾሙም፣ ውኃውም፣ እንጨቱም፣ ወፍጮውም የአንድ ሰው ነው። ይህ መንገድ ያሳድጋል ብያለሁ፤ ያለ እንቅልፍና ያለ ምግብ ከሆነ ግን ይሰብራል።

በጸሐፊነት በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ፎርም አልፏል በእጄ። ፎርሙ ላይ «የሥራ ዓይነት» የሚል ዓምድ አለ። 7 ልጅ ያሳደገች፣ ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥታ ማታ በ4 ሰዓት የምትተኛ ሴት ስትመጣ፣ በዚያ ዓምድ ላይ የሚገባው ቃል «ሥራ የላትም» የሚል ነበር። እሷም ቆማ ታያለች፣ ማንበብ ስለማትችል ምን እንደተጻፈ አታውቅም። አመስግና ትሄዳለች።

ዘመኑ ተሻሽሏል እንል ይሆናል። እውነት ነው፣ ተሻሽሏል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በፈረንጅ በ2000 ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ መዞራቸው፣ እናቶችም በጤና ጣቢያ መውለዳቸው ረድቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በጠቅላላው 120 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይሰጣል፤ ለአባትም 3 ቀን። መልካም ነው። ነገር ግን የቤት እመቤቷ የማን ሠራተኛ ናት? ፈቃዷን ማን ይፈርምላታል? ጎረቤት ካልፈረመላት የሚፈርምላት የለም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ለመናገርም ይከብዳል። በአንድ ወቅት በሰፈራችን አንዲት ወጣት እናት የ3 ሳምንት ሕፃን ሞተባት። በልማዳችን ለእንደዚያ ዓይነት ሕፃን ጡሩንባ አይነፋም፣ ድንኳንም አይተከልም። አባትና ሁለት ጎረቤት ወስደው ቀበሩት። እናትየዋ ጡቷ ወተት ሞልቶ፣ የሚጠባው ሕፃን ሳይኖር፣ ብቻዋን ቤት ቀረች። በ5ኛው ቀን የአንድ ሽማግሌ ቀብር ሆነ። ያቺው ሴት የቅሬ ግዴታዋን ለመወጣት እንጀራዋን ጋግራ፣ በመሶብ ተሸክማ ለቅሶ ቤት ይዛ መጣች። እኛም ተቀብለን በላን። «እንዴት ሆንሽ?» ያላት ሰው መኖሩን እንጃ። እሷ ለእኛ ለቅሶ ደረሰች፤ ለእሷ ግን የደረሰላት የለም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አብሮ የሚያለቅስ ግን ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዘመድ የሌላት ወይም የተቸገረች አራስ ስትኖር ለ40 ቀን በጎጧ ያሉ አባላት በተራ ይርዷት። ውኃ መቅዳት፣ ገንፎ ማገንፋት፣ ትላልቆቹን ልጆች መያዝ፣ ልብስ ማጠብ ነው። መዋጮ አይጨምርም። ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ በአንድ ጎጥ 20 ቤት ቢኖር ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው 2 ቀን ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ተራው የሚደርሰው ደግሞ ለሴቶቹ ብቻ አይሁን። ጄሪካን መሸከም ለወንድ ጀርባ ምን ያቅተዋል?

ሁለተኛ፣ ሕፃን ለሞተባት እናት ድንኳን መትከል ባይቻል እንኳ ለ3 ቀን ቤቷ ሄደን እንቀመጥ። ለአንድ ወርም ከእንጀራ መጋገር ግዴታ ነፃ ትሁን። ይህ በደንባችን ላይ በአንድ መስመር ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ እናት ሞታ ልጆች ሲቀሩ የቅሬው ሥራ በሠልስት አይለቅ። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ እድሮች በኤች አይ ቪ ዘመን ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። እኛም ከአባላት መካከል አንድ ቤት ብንመርጥ፣ ያ ቤት ልጆቹ መብላታቸውን፣ ትምህርት ቤት መሄዳቸውን፣ ሲታመሙ መታከማቸውን ይጠይቅልናል፤ ለዳኞችም ይነግራል። ሁላችንም እንደ ወይዘሮ አበበች 21 ልጅ ልናሳድግ አንችልም። አንድን ልጅ ለ21 ቤት ማካፈል ግን እንችላለን።

እንዲህ ካደረግን ያ የእናትነት መንገድ ለእኛም ይከፈትልናል። ያልወለደችው ትገባበታለች፣ አባቱም ይገባበታል፣ ጡረተኛውም ይገባበታል። የሌላውን ልጅ ሌሊት ያስታመመ ሰው፣ የአራስን ውኃ የተሸከመ ሰው፣ ከራሱ ውስጥ ያላወቀውን ነገር ያገኛል። ይህን ለማግኘት ከሰፈር መውጣት አያስፈልግም።

ሐሳቦቹን ዳኞች ለውይይት እንዲያቀርቡልኝ እለምናለሁ። እናቶች ደግሞ ዛሬ እጃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ፤ ወጡን ለዛሬ እኛ እናማስልላችኋለን፣ ቢያርርም እንበላዋለን።

በሕይወት ያሉትን እናቶቻችንን በዕድሜና በጤና ያቆይልን። ያለፉትን ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ሐይቃችንን፣ አምባሰላችንን፣ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሜን፣ አሚን።